ጣት የምታህል ክፍተት

ኦሊቃ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ፣ ከአናቱ በላይ የተዘረጋውን የአሮጌዋን ኦፔል ሆድ በመዳፉ ይዳብሳል። ጭቃው ተፍቆ፣ ዘይቱ ተጠርጎ፣ ብረቱ እርቃኑን ቀርቷል። የሚፈታው ሁሉ ተፈትቷል፤ የሚጠብቀውም ሁሉ ጠብቋል። እሱ ግን እጁን አያነሳም። ሲሸሸው የከረመ ነገር ተዘናግቶ በጣቶቹ ሥር የሚያልፍ ይመስል ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይመላለሳል።

ዓርብ ማለዳ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ይህች መኪና ሸነን ድረስ ሄዳ የጌታዋን አፅም ይዛ አምቦ መመለስ አለባት።

ጌታዋ አቶ ገብረአማኑኤል ናቸው። መንገዱ ሁሉ በድንጋይና በግንድ በተዘጋበት ዓመት፣ ሸነን ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ እንደሄዱ ታመው እዚያው ዐረፉ። ሬሳቸውን የሚያሳልፍ መንገድ ስላልነበረ እዚያው ተቀበሩ። አሁን ሰባት ዓመት ሞልቶ፣ ካህናቱም ፈቅደው፣ አፅማቸው ፈልሶ አምቦ ከወላጆቻቸው ጎን ሊያርፍ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ገና በተቀበሩ ዕለት «በገዛ መኪናው አመጣዋለሁ» ብለው ተስለው ነበር። መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሳ ዶሮ ሲያድርባት የኖረችውን ኦፔል አስጎትተው፣ ከአምቦ መካኒክ ሁሉ ለይተው ወደ ኦሊቃ አመጧት።

ለምን ወደ እሱ እንደመጡ ያውቃል። ይህችን መኪና ከእሱ በላይ የሚያውቃት የለም። ወጣት ሳለ የእነሱ ሹፌር ነበር።

ማርሽ የሚቀይረው የኦፔሏ ካምቢዮ ጥርሱ ረግፎ ነበር። መለዋወጫው ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። የአቶ ገብረአማኑኤል ልጅ ታምራት፣ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛው፣ ከመርካቶ የቶዮታ ካምቢዮ ይዞ መጣና «ይህን ግጠምባት» አለ። ኦሊቃ ገጠመ። አዲሱ ካምቢዮ ግን ከአሮጌው ስለሚያጥር፣ ከካምቢዮው ተነስቶ በሆዷ ሥር እስከ ኋላ ዲፈረንሻል ጉልበት የሚያደርሰው ረጅሙ ዘንግ እንደገና መሠራት ነበረበት። ኦሊቃ ከተጋጨ ፒክአፕ የተፈታ ቧንቧ ፈልጎ አገኘ፤ ለካ፣ ቆረጠ፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ እስኪበየድ ከሠራተኛው ራስ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከሠራው ሥራ ሁሉ የሚኮራበት ቢኖር ይህ ዘንግ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱና ልጆቻቸው ተሳፍረውባት ሲሄዱ መኪናዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። ከወለሏ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ተነሳ። ኦሊቃ ተቀብሏት ብቻውን ወደ ጉደር ነዳት፤ ምንም የለም። ቢሆንም ይሁን ብሎ ክሮቸራዎቹን፣ ማለትም ዘንጉ በጫፍና በጫፉ የሚተጣጠፍባቸውን መስቀል መሳይ መገጣጠሚያዎች፣ በአዲስ ቀየረ። መለሰላቸው። ተንቀጠቀጠች። ዘንጉ ሚዛን ስቶ እንደሆነ ብሎ ወገቡ ላይ ፋሸታ፣ የብረት መቀነት፣ አሰረና ቦታውን እያዛወረ ሞከረ። እሱ ብቻውን ሲነዳት ጸጥ፤ እነሱ ሲሳፈሩባት እሪ። ጎማ ጠጋኙ ጃርሶም ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አዙሮ አየለት፤ ቀጥ ያሉ ናቸው።

በመጨረሻ ኦሊቃ ይዋሻሉ ብሎ ደመደመ። መኪናዋ ደህና ናት። ሥራውን ለማርከስ ምክንያት የሚፈልጉት እነሱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሰው ሲያሳንሱ አይቷል፤ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም።

«አካም ቡልቴ ኦሊቃ!» የሚል የማለዳ ሰላምታ ከጋራዡ በር መጣ። ጃርሶ ነው። ጋራዡ በር ላይ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ ቆሟል፤ ሆዱ ግን ከገመዱ ወዲህ አልፏል። «ያች አሮጊት ዛሬም አልዳነችም?»

«እሷማ ደህና ናት። የታመሙት ባለቤቶቿ ናቸው።»

ጃርሶ እንደ ወትሮው አልሳቀም። ዝቅ ብሎ ወደ ጉድጓዱ እያየ «ትናንት ለቅሶ ቤት ታምራት ያለውን ሰማህ?» አለ።

«ምን አለ?»

«ቂም ነው አለ። አባቴ ላይ የነበረውን ቂም በመኪናው ተወጣ፣ ሆን ብሎ ነው ያበላሻት አለ። ዛሬ ካልተስተካከለች ለነገ ሚኒባስ ይዛለሁ፣ ኦፔሏን ለቆራሌው እሰጣታለሁ አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ኦሊቃ መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። እጁ ስቶ ያበላሸ መካኒክ ይኖራል፤ ሰው ሁለት ቀን አምቶት ይተወዋል። ሆን ብሎ በሰው መኪና ውስጥ ክፋት የደበቀ መካኒክ ግን በአምቦም በጉደርም እስከ ባኮ ድረስ ቁልፍ የሚሰጠው አይኖርም። እሱ በነካው መኪና ልጁን የሚያስቀምጥ ማን አለ? ከዚያ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ ሙት የተበቀለ ሰው ተብሎ መቅረቱ ነው።

አንጀቱን ያሳረረው ግን ሌላ ነበር። ቂሙ አለ። ታምራት መኪናዋን በተመለከተ ዋሸ እንጂ ቂሙን በተመለከተ አልዋሸም።

ሹፌራቸው ሳለ ነው፤ የዝናብ ወራት ነበር። ከጉደር ሲመለሱ አቶ ገብረአማኑኤልና ወይዘሮ ዓለሚቱ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ኦሊቃ ይነዳል። መንገዱ ዳር አንድ ገበሬ አህያው ተንሸራታ ወድቃበት፣ ጭነቱ ጭቃ ውስጥ ተዘርግፎ፣ ብቻውን ይታገላል። መኪናዋን ሲያይ እጁን አነሳ። በመሪው ላይ ማን እንደተቀመጠ ስላወቀ ፊቱ ፈክቶ ነበር። ኦሊቃ እግሩን ወደ ፍሬኑ ሲሰድ ከኋላው የአቶ ገብረአማኑኤል «አትቁም» የሚል ድምፅ መጣ። «አባቴ ነው» አለ ኦሊቃ። ከዚያ በኋላ የሰማው «ንዳ ብዬሃለሁ» የሚለውን ነው። ነዳ። ጎማው የረጨው ጭቃ የአባቱን ጋቢ እስከ ደረቱ ሲያለብሰው በመስታወት አየ። ያን ዕለት ማታ አባቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በደህና ገባችሁ?»

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ከኋላው ሰው አስቀምጦ መኪና ነድቶ አያውቅም። የራሱን ጋራዥ የከፈተ ዕለት ደግሞ በሩ ላይ ገመድ ወጠረ። የአምቦ መካኒክ ሁሉ ባለመኪናውን አስቀምጦ እያጫወተ፣ ልጆቹ መኪናው ላይ እየወጡና እየወረዱ ነው የሚሠራው። ኦሊቃ ዘንድ ባለመኪና ከገመዱ ወዲያ ይቆማል። መኪናው ባዶ ሆኖ ይገባል፣ ባዶ ሆኖ ይሠራል፣ ባዶ ሆኖ ይሞከራል። ሲሞከር አብሮ ልሂድ ያለ ሰው ካለ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። «ጌታ መሆን የፈለገ በሌላው ላይ ይሁን» ይላል፤ ደንበኞቹም ለምደውለታል።

በሩ ላይ ባጃጅ ቆመ። ወይዘሮ ዓለሚቱ ልጃቸው ሮዳስ ደግፋቸው ወረዱ። ጉልበታቸው አብጧል፤ በየእርምጃው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ሮዳስ አፅሙ የሚጠቀለልበትን ነጭ አቡጀዲ እንደ ሕፃን አቅፋለች። ጃርሶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ዞር አለላቸው።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ከገመዱ ወዲያ!» አለ ኦሊቃ ከጉድጓዱ ውስጥ።

«ገመድህን ፍየል እሰርበት» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። በአንድ እጃቸው ገመዱን ወደ ላይ አንስተው ሾለኩ። «እንደዚህ ያበጠ እግር ይዤ እዚህ ጠጠር ላይ ልቆምልህ ነው? ወንበሬ አለች አይደል እንዴ!»

«ሥራ ላይ ነኝ! መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ናት!»

«ሥራህን ሥራ። ማን ያዘህ?»

የኋላው በር ሲከፈት ማጠፊያው ጮኸ። ከሹፌሩ ወንበር በስተኋላ ያለችው የዱሮ ቦታቸው ናት። አንድ ጊዜ ተንፍሰው፣ ሙሉ ክብደታቸውን ጥለው ተቀመጡ። ሮዳስ በሌላው በር ገብታ ከጎናቸው ሆነች።

ከጉድጓዱ ውስጥ ኦሊቃ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ሳለ አየው።

ዘንጉ በፊት በኩል የሚያብለጨልጭ አንገት አለው። አንገቱ ካምቢዮው ጭራ ውስጥ ገብቶ የተሰካ ነው፤ መኪናዋ በተነሳችና በተጫነች ቁጥር ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይገባል። ወይዘሮ ዓለሚቱ ሲቀመጡ የኦፔሏ ጀርባ ዝቅ አለ፤ አንገቱም ሳይቸኩል፣ ወደ ቀዳዳው እንደሚመለስ እባብ፣ ወደ ካምቢዮው ተንሸራተተ። ሮዳስ ስትቀመጥ ደግሞ ጨመረ። ማለዳ ላይ ጣቱን አስገብቶ ሲጠርገው የነበረው ክፍተት አሁን ጥፍር የሚያስገባ ብቻ ሆነ።

ኦሊቃ አፉን ገጠመ።

ዘንጉን የለካበት ቀን እንደ አሁን ታየው። ጋራዡ ጸጥ ያለ ነበር። ወንበሮቹን ሳይቀር አውጥቶ ግድግዳ አስደግፏቸዋል። ለሸነን መንገድ ትጠንክር ብሎ ጀርባዋን የሚሸከመውን ባልስትራ አንድ የብረት ቅጠል ጨምሮበት ስለነበር መኪናዋ ጀርባዋን እንደ ድመት ነፍታ ቆማለች። በዚያች ባዶ፣ ቀላል፣ ከፍ ባለች መኪና ላይ ነው የለካው፤ የቆረጠውም በዚያው ልክ ነው። ሰው ሲሳፈርባት ጀርባዋ ይወርዳል፣ ዘንጉ ወደ ፊት ይገፋል፣ መሄጃ ሲያጣ ካምቢዮውን ይገጫል። እሱ ብቻውን ሲነዳት ግን ጸጥ።

አልዋሹም ማለት ነው።

ቢሆንም መካኒክ ነውና በዓይን ያየውን በመንገድ ላይ ሳያረጋግጥ አይቀበልም። ጣቱን ግሪስ ነክሮ የሚያብለጨልጨውን አንገት እስከ ሥሩ በስሱ ቀባው። ከዚያ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ታምራት የት ነው?» አለ።

«መጣ፣ ይኸው» አለች ሮዳስ።

ታምራት የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ገመዱ ጋ ቆሞ ነበር። ኦሊቃን ሰላም አላለውም። «እማዬ፣ ውረጂ። ሚኒባሱን ልደውልለት ነው። ይበቃናል።»

«ከዚህች ወንበር የሚያስነሳኝ የለም» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «አባትህ እዚህ ጋ፣ እኔ እዚህ ጋ። ነገም እንደዚያው ነው።»

«አቶ ታምራት፣ ግባ» አለ ኦሊቃ።

«ምን?»

«ግባ ከፊት። ጃርሶ፣ አንተም ና። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ ውጣ።»

ጃርሶ ግራ ቀኙን አየ። «እኔን ነው? አንተ ሰው ጭነህ ልትነዳ? ዋቃዮ! ዛሬ ምን ታየ?» ግን ደስ ብሎት እየተንፏቀቀ በኋላው በር ገባ። መኪናዋ አቃሰተች።

«የአባዬ ሳጥን የሚቀመጥበት እኮ ነው» አለች ሮዳስ ዞር ብላ።

ጃርሶ ደንግጦ ቂጡን ወደ ጎን አሸሸ። «ይቅር በሉኝ ጋሼ» አለ ወደ ባዶው ቦታ። «ነገ ለእርስዎ ነው፤ ለዛሬ ብቻ ነው።»

ኦሊቃ መሪውን ያዘ። ዓመታት ያለፉ አልመሰለውም። ከኋላው የወይዘሮ ዓለሚቱ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ይሰማዋል። በመስታወቱ ውስጥ ነጠላቸውና አንድ ዓይናቸው ይታያል። ከጎናቸው፣ ሮዳስ አቡጀዲውን አቅፋ የተቀመጠችበት ቦታ፣ የአቶ ገብረአማኑኤል ነበር። ትከሻው ሳያዘው ከፍ አለ፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ትከሻ። ይህን ሲያስተውል በራሱ ተናደደና ማርሹን በኃይል አስገባ።

ከከተማው ሲወጡ ምንም አልነበረም። አስፋልቱ ተዘርግቶ ፍጥነት ሲጨምር መጀመሪያ መሪው ላይ እንደ ንብ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ወለሉ ያጉረመርም ጀመር። ወዲያው መኪናዋ ከእግር እስከ ራሷ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ የበሩ መስታወት ተርገፈገፈ፣ የጃርሶ ጉንጮች ተርገፈገፉ፣ ሮዳስ አቡጀዲውን ጨብጣ ያዘች። ኦሊቃ ነዳጁን ለቀቀና ማርሹን ነፃ አደረገ። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም። ከሞተር አይደለም። ዘንጉ ነው።

«አላልንህም?» ቢሉት ይቀለው ነበር።

መንገድ ዳር አቁሞ ወረደ። ካርቶን አንጥፎ በጀርባው እየተሳበ ከሥሯ ገባ። «አትውረዱ» አለ ከመሬት። «ማንም እንዳይወርድ።»

ጉዳዩ የሚያከራክር አልነበረም። የቀባው ግሪስ እስከ መጨረሻው ተጠርጎ ካምቢዮው አፍ ላይ እንደ ከንፈር ተቆልሏል። ክፍተት የሚባል የለም። አንገቱ እስከ ጉሮሮው ገብቶ ካምቢዮውን ወደ ፊት ገፍቶታል፤ የዘይት መያዣው ጎማ ተጨምቆ አንዲት ጠብታ አንጠልጥሏል። ኦሊቃ ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ። አልገባም። ጥፍሩን ሞከረ። አልገባም።

የታምራት ጫማ በራሱ አጠገብ ቆመ። ትእዛዙን ሰምቶ መውረዱ አልቀረም። ቁጢጥ አለና ሸሚዙ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ወደ ታች አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እናቱ እንዳይሰሙት ነው።

«ካምቢዮው ነው፣ አይደል?» አለ። «የቶዮታ ካምቢዮ ለኦፔል... ሳመጣውም ፈርቼ ነበር። ሻጩ ይሄዳል ሲለኝ አመንኩት። እውነቱን ንገረኝ ኦቦ ኦሊቃ። እኔ ነኝ ያበላሸኋት?»

ኦሊቃ በጀርባው እንደተኛ ቀረ።

አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። «አዎ።» ያንን ቃል ቢል ነገሩ ሁሉ እዚህ መንገድ ዳር ይዘጋል። የአባቱን ስለት ያበላሸው ልጁ ይሆናል። ለቅሶ ቤት ያወራው ሁሉ ተገልብጦ ራሱ ላይ ይወርዳል። ወይዘሮ ዓለሚቱ በልጃቸው ሲያፍሩ ይሰማል። ዘንጉን ደግሞ በሌላ ምክንያት አውጥቶ ማሳጠር ቀላል ነው፤ ከቶርኖ ቤቱ ሰውዬ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ያም ቢያውቅ አይናገርም። ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ቆመ። ጣዕም ነበረው። ስንት ዘመን ሲርበው የኖረ ጣዕም ነበር፤ አሁን ግን አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ብረት ብረት አለው።

ከላዩ ያለውን ዘንግ አየ። ብየዳው እንኳን ያምራል። ወደ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ብቻውን የሠራው ሥራ ነው።

«እጅህን ስጠኝ» አለ።

«እ?»

«እጅህን። አምጣው።»

ታምራት እያመነታ እጁን ሰደደ። ኦሊቃ በግሪስ እጁ የታምራትን ጣት ይዞ፣ አንገቱና ካምቢዮው የተገጫጩበት ቦታ ላይ አሳረፈው። ብረቱ ትኩስ ነበር። ታምራት «አህ» ብሎ እጁን ሊስብ ሲል ኦሊቃ አልለቀቀውም።

«እዚህ ጋ ጣት የምታህል ክፍተት መኖር አለባት። ሰው ሲሳፈር ዘንጉ የሚሸሽበት። የለችም።»

«ለምን?»

«ዘንጉ ረዝሟል። ባዶ መኪና ላይ ለክቼ ቆረጥኩት። ካምቢዮህ ምንም አልበደለም።» ጣቱን ለቀቀው። «እኔ ነኝ።»

አንድ የጭነት መኪና በአጠገባቸው ሲያልፍ ነፋሱ ካርቶኑን አርገበገበው። ታምራት ግሪስ የነካውን ጣቱን ከሸሚዙ አርቆ ይዞ ቆመ። «ሆን ብለህ?» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነበር። ያ ደግሞ ከቁጣው ይልቅ ወጋው።

ኦሊቃ ከሥሯ እየተሳበ ወጣ። ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ አቧራውን አራገፈ። «ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ» አለ፣ «አሳምሬ ነበር የምሠራው። ዕድሜህን ሙሉ ብትፈልግ አታገኘውም ነበር።»

ከኋላ ጃርሶ በሳቅ ፈነዳ፤ ግን ሳቁ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ተመለሰ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር። ኦሊቃን ረጅም ጊዜ አዩት። የሆነ ነገር ሊናገሩ እንደሆነ፣ ነገሩም ስለ ዘንግ እንዳልሆነ ከዓይናቸው ታየው። ያን ዕለት በዝናብ ውስጥም በዚችው ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ያን ዕለትም አፋቸው ተከፍቶ ተከድኖ ነበር፤ በመስታወት አይቷል።

«ይስተካከላል?» አሉ ብቻ።

«እስከ ማታ።»

«እንግዲያ ግባና ንዳ። ነገም የምትነዳው አንተ ነህ።»

ኦሊቃ ገብቶ ነዳ። በዝግታ፣ እንደ ለቅሶ መኪና ነዳት፤ በዚያ ፍጥነት መንቀጥቀጡ ማጉረምረም ብቻ ይሆናል።

ጋራዡ በር ላይ ደርሶ አቆመ። ገመዱ ከፊታቸው ተወጥሯል። ወትሮ ሲገባ መኪናው ባዶ ነበርና በአንድ እጁ ዝቅ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ አሁን ግን ወርዶ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው በፀሐይና በዝናብ ደርቆ እንጨት ሆኗል። በጥርሱ ያዘው። እስኪፈታ ድረስ ሁሉም ከመኪናዋ ውስጥ ሆነው ያዩታል። ሲፈታ ጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ጣለው።

ኦፔሏን ጉድጓዱ ላይ አቆማት። «አሁንም እንዳትወርዱ» አለ። «የምለካው እናንተ እንደተቀመጣችሁ ነው። ነገ በምትሄዱበት ልክ።»

«እኔ ነገ የለሁበትም እኮ» አለ ጃርሶ።

ኦሊቃ ቆም አለ። እውነቱን ነው። «እንግዲያ ውረድ።»

ጃርሶ ሲወርድ የመኪናዋ ጀርባ በግልጽ ከፍ አለ። የዕቃ መጫኛው ቦታ ባዶ ቀረ። ታምራት ከፊት ወንበር ዞሮ ባዶውን ቦታ ተመለከተው፤ ሮዳስም፣ ወይዘሮ ዓለሚቱም።

«ሳጥኑ...» አለ ታምራት።

«አዎ» አለ ኦሊቃ። «እሱም ክብደት ነው። ካልተጫነ ልኩ ልክ አይሆንም። ስንት ይሆናል?»

ማንም አያውቅም። ሳጥኑ ቀላል የዋንዛ እንጨት ነው አለች ሮዳስ፤ ትንሽ ነው፣ አናጢው እንዲህ ይበቃል ብሎ በእጁ አሳይቷቸዋል። ውስጡ የሚገባው ግን... አቶ ገብረአማኑኤል ግዙፍ ሰው ነበሩ። ወደዚህች መኪና ሲገቡ ባልስትራው ሲያቃስት ኦሊቃ ከመሪው ላይ ይሰማ ነበር።

ወደ ብረት ክምሩ ሄደ። መጀመሪያ ያየው ጥርሱ የረገፈውን የዱሮ ካምቢዮ ነው። አቅፎ አነሳው፤ ወገቡ ተንቋቋ፤ ጥቂት ተራመደና ቆመ። ሰውዬው ከሞቱ በኋላ እንኳን በልቡ ይዟቸው የኖረው ይህን በሚያህል ክብደት ነበር። መልሶ አስቀመጠው። ዲፈረንሻል ነካ፤ ተወው። በመጨረሻ ከጥግ አንድ አሮጌ የፍሬን ከበሮ አነሳ። በሁለት እጁ ይዞ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው። ይህም የሚበዛ መሰለው። ይህም የሚያንስ መሰለው።

የኋላውን በር ከፈተ። ብረቱን ሊያስቀምጥ ጎንበስ ካለ በኋላ ወለሉን አየና ከኪሱ ንጹሑን ጨርቅ አውጥቶ አነጠፈ፤ ከዚያ ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠው። ጀርባዋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ዝቅ አለ።

«እትዬ» አለ። «ይህን ያህል ይሆናሉ?»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከወንበራቸው ተጠማዘው ዞሩ። ብረቱን አዩት። እጃቸውን በወንበሩ አናት ላይ አሳልፈው ሰደዱና በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ እንደገና በሙሉ መዳፋቸው። አላነሱትም። ኦሊቃ መለኪያውን ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ጠበቀ።